በወረርሽኝ ጊዜ ለልጃችሁ የመንግሥት ድጋፍ ስትጠይቁ

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኦቲዝም አለበት። በሳምንት ሁለት ቀን የሚያገኘው የንግግር ሕክምና ተቋረጠ፤ የሚጠብቅልኝ ስላልነበረም ሥራዬን ተውኩ። ድጋፍ ለማግኘት ያስገባሁት የመጀመሪያ ማመልከቻ ግን ውድቅ ሆነ።

ምክንያቱ የገባኝ ቅጂውን ደግሜ ሳነበው ነው። «ራሱ ይመገባል» ብዬ ጽፌ ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን የለመደው ሳህን ከጠፋ ቀኑን ሙሉ እህል እንደማይቀምስ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ አጠገቡ ተቀምጬ እንደማስታውሰው አልጻፍኩም። እናት ስለ ልጇ ስትጠየቅ የሚችለውን ታስቀድማለች። ቅጹ የሚፈልገው ግን የሚያስፈልገውን እገዛ ነው።

ስለዚህ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። «እንቅልፍ ያስቸግረዋል» አትበሉ፤ «ማክሰኞ ሌሊት ሦስት ጊዜ ነቃ፤ መልሶ እስኪተኛ ሁለት ሰዓት ፈጀ» በሉ። ወረርሽኙ ያመጣባችሁን ለብቻው መዝግቡ፦ የቀረ ሕክምና፣ የቀረ ደመወዝ፣ ለቤት ውስጥ ትምህርት የተገዛ ዕቃ። ደረሰኝ አትጣሉ።

የልደት ምስክር ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አዘጋጁ። አስቸጋሪው የሐኪም ማስረጃ ነው። ክሊኒክ ተዘግቶ አዲስ ምርመራ ካጣችሁ የቀድሞውን አስገቡ፤ አዲሱ የዘገየበትን ምክንያትም በአጭር ደብዳቤ አያይዙ።

ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ አቅርቡ። ገንዘቡ የአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ የሚከፈል? ሌላ የምታገኙትን ድጎማስ ይቀንሳል? ለሁለተኛው በቃል የተሰጠ መልስ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ የመንግሥት እርዳታ እንዲደርሳቸው ይደነግጋል፤ የገንዘብ እርዳታም ተጠቅሷል። አገራችሁ ስምምነቱን ካጸደቀች በደብዳቤያችሁ አንቀጹን ጥቀሱ። ምጽዋት እየለመናችሁ አይደለም፤ አንገታችሁን አትድፉ።

ውድቅ ከተደረገባችሁ መጀመሪያ የይግባኙን የመጨረሻ ቀን ፈልጉ። ከዚያ ለተሰጠው ምክንያት ብቻ መልስ ስጡ። እኔ «ራሱ ይመገባል» የሚለውን አርሜ የማስታወሻዬን ሦስት ገጽ አያይዤ ላክሁ። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ተፈቀደ፤ በመጀመሪያው ክፍያም የንግግር ሕክምናውን በስልክ አስጀመርኩለት።