በእንግሊዝኛ ስለ ሰዓትና ስለ ርቀት «ቢሆን ኖሮ» እንዴት ይባላል?

«ቅርብ ብኖር በእግሬ እሄድ ነበር» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ብዙዎቻችን እዚህ ጋ እንሰናከላለን። ግሱ የኃላፊ ጊዜ መልክ ሲይዝ ነገሩ ትናንት የተፈጸመ ይመስለናል። ከ«ኢፍ» ጋር ሲመጣ ግን ያ መልክ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ነገሩ ከእውነታው የራቀ መሆኑን ነው።

ስለዚህ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ነገሩ ሊሆን የሚችል ነው? አሁን የሌለ ነው? ወይስ ያለፈና የማይመለስ?

ሊሆን የሚችል ከሆነ ከ«ኢፍ» በኋላ የአሁን ጊዜ ግስ ይገባል፣ ውጤቱ ላይ ደግሞ «ዊል»። «ኢፍ ዩ ሊቭ ናው፣ ዩ ዊል ካች ዘ ባስ።» አሁን ከወጣህ አውቶቡሱ ሳያመልጥህ ትደርሳለህ ማለት ነው። ሐሳቡ የወደፊት ስለሆነ «ኢፍ ዩ ዊል ሊቭ» ማለት ያምረናል። አትበሉት።

አሁን እውነት ላልሆነ ነገር ግሱን ወደ ኃላፊ መልክ መልሱት፣ ውጤቱ ላይ «ዉድ» ጨምሩ። ዋሽንግተን ኖሮ ባልቲሞር የሚሠራ ሰው አስቡ። መካከላቸው 40 ማይል ገደማ ነው፤ 64 ኪሎ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። በእግር አይሞከርም። ይህ ሰው «ኢፍ አይ ሊቭድ ክሎዘር፣ አይ ዉድ ዎክ» ይላል። «ሊቭድ» ቢልም የሚያወራው ስለ ዛሬ ነው። የእኛም «እሄድ ነበር» እዚህ ጋ ስለ ትናንት አያወራም፤ እንግሊዝኛውንም በዚሁ ስሜት ስሙት። «ቅርብ ቢሆን» ለማለት በጽሑፍና በፈተና «ኢፍ ኢት ወር ክሎዘር» ይመረጣል፣ በንግግር ግን «ወዝ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው፣ በእኔ እምነት፣ መንገድ የሚፈጀውን ጊዜ መናገር ነው። «ኢት ቴክስ አን አወር» የታወቀ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። «ኢት ዊል ቴክ አን አወር» ስትሉ መሄዳችሁ ተወስኗል። «ኢት ዉድ ቴክ አን አወር» ከሆነ ግን ገና አልወሰናችሁም፣ መንገዱን በሐሳብ ብቻ እየለካችሁ ነው። በባቡር ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ እያለ የሚያመነታ ሰው «ሃው ሎንግ ዉድ ኢት ቴክ ባይ ትሬይን?» ብሎ ይጠይቃል።

ካለፈ በኋላ የምንቆጭበት ነገር ከሆነ ደግሞ «ሃድ»ና ትምህርት ቤት «ቪ ስሪ» የምንለው ግስ ይመጣሉ። ውጤቱ ላይ «ዉድ ሃቭ» ይገባል። «ኢፍ አይ ሃድ ሌፍት አት ሲክስ፣ አይ ዉድ ሃቭ አራይቭድ ባይ ሰቨን።» በ12 ሰዓት ብወጣ ኖሮ እስከ 1 ሰዓት እደርስ ነበር። ሰዓቱን አስተውሉ፤ የእነሱ «ሲክስ» በእኛ አቆጣጠር 12 ነው። ግሱን አስተካክሎ ሰዓቱን መሳት ቀጠሮ ያስቀራል!

ውጤቱ እስከ አሁን የሚዘልቅ ከሆነ «ዉድ ሃቭ» አያስፈልግም፤ «አይ ዉድ ቢ ዘር ናው» ይበቃል።

ሰው ሲናገር «አይ ሃድ»ም «አይ ዉድ»ም «አይድ» ተብለው ያጥራሉ። ለመለየት ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ አዳምጡ። ቪ ስሪ ከሆነ «ሃድ» ነው፣ ምንም ያልተለወጠ ግስ ከሆነ «ዉድ» ነው። «ኢፍ አይድ ሌፍት ኧርሊየር፣ አይድ ቢ ዘር ናው» ሲባል የመጀመሪያው «ሃድ»፣ ሁለተኛው «ዉድ» ነው።