መስማት የተሳነው ልጅ ኦቲዝምም ይኖርበት ይሆን ሲባል፦ ከቤት የሚጀመር ድጋፍ

መስማት የተሳነው ሕፃን ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ይህ ብቻውን የኦቲዝም ምልክት አይደለም። የንግግሩ መዘግየትም እንደዚያው። ጥፋቱ የሚመጣው ሁሉንም ነገር «ስለማይሰማ ነው» ብሎ በማለፍ ነው። በተቃራኒው ኦቲዝም አለበት የተባለ ልጅ ጆሮው ሳይመረመር የሚቆይበት ጊዜም አለ። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ እዚህ የተጻፈው ኦቲዝም ባይኖርበትም አይጎዳውም።

1. ይመልከቱ፣ ይጻፉ

መስማት የተሳነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ይካሳል፦ ፊት ያነባል፣ ይጠቁማል፣ እናቱ የምትሠራውን ይኮርጃል። ስለዚህ የሚከተሉትን ይከታተሉ፤ ከጎደሉ ምክንያቱ አለመስማቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ትከሻው ሲነካ ወይም መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ይዞራል? በጣት ወዳሳዩት ነገር ያያል? የወደደውን ነገር እንዲሰጡት ብቻ ሳይሆን እንዲያዩለትም ያሳያል? በባዶ ስኒ ቡና እንደሚጠጣ ሰው ይጫወታል? በምልክት ቋንቋ መግባባት የጀመረ ልጅ መዳፉን ገልብጦ፣ ለምሳሌ ሲሰናበት ወደ ራሱ አዙሮ እያወዛወዘ ከሆነ፣ ይህንንም ይመዝግቡ። ለ2 ሳምንት ቀንና ሁኔታውን በደብተር ይጻፉ፤ በስልክ አጫጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። ልጆች በሐኪም ክፍል ውስጥ እንደ ቤታቸው አይሆኑም።

2. ጆሮውም ዓይኑም በትክክል ይመርመር

ድምፅ አሰምቶ የልጁን ምላሽ የሚጠብቀው ምርመራ ትብብር ይፈልጋል። ደንታ ያልሰጠው ልጅ ካለበት በላይ የማይሰማ ይመስላል። ልጁ ተኝቶ ሳለ ከጭንቅላቱ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የሚካሄደው ኤቢአር (አንጎሉ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ የሚለካ ምርመራ) ግን የልጁን ትብብር አይጠብቅም፤ እንዲደረግለት ይጠይቁ። በቀጠሮው ዕለት እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ ይዞ መሄድ ይረዳል። ብዙውን ነገር የሚያገኘው በዓይኑ ስለሆነ ዓይኑንም ያስመርምሩ።

3. በዓይን የሚገባ ቋንቋ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። ውሃ፣ ምግብ፣ ድገመኝ፣ በቃ፣ ሽንት ቤት፤ በእነዚህ 5 ምልክቶችና ልጁ አብዝቶ በሚወደው አንድ ነገር ይጀምሩ። ምልክቶቹን ከኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ይውሰዱ። አያት አንድ፣ ሞግዚት ሌላ ምልክት ከፈጠሩ ልጁ ግራ ይጋባል። ለዚህም መስማት የተሳናቸውን አዋቂዎች የሚተካ አስተማሪ የለም፤ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ያነጋግሩ።

በፊቱ በኩል ይቅረቡ፣ ቁመትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ትከሻውን ጠበቅ አድርገው ይንኩ፤ ለስላሳ ንክኪ የሚያስደነግጣቸው ልጆች አሉ። አገጩን ይዘው ፊቱን አያዙሩ። ዓይኑ እቃው ላይ ከሆነ ምልክቱን እዚያው እቃው አጠገብ ያሳዩ፤ ከዚያ በልብዎ እስከ 10 ቆጥረው ይጠብቁ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ይደግመዋል። መዳፉን የሚገለብጥ ልጅ ከሆነ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ወይም መስታወት ፊት ይቀመጡ፤ የእርስዎ እጅ ከራሱ እጅ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ይታየዋል።

4. ከመሄድ በፊት ያሳውቁት

የሚሰማ ልጅ «ልንወጣ ነው» ሲባል ይዘጋጃል፤ ይህ ልጅ ግን ድንገት ተነስቶ ራሱን ታክሲ ውስጥ ያገኘዋል። የጫማውን፣ የታክሲውንና የአያቱን ቤት ፎቶ አሳትመው በፕላስተር ይሸፍኑና በቅደም ተከተል ያሳዩት። ያለቀውን ይገልብጡ።

5. የመስሚያ መሣሪያ ከተሰጠው

በመጀመሪያው ቀን በሚወደው ጨዋታ መሃል 5 ደቂቃ ይበቃል። እሱ ነቅሎ ከመጣሉ በፊት እርስዎ ያውልቁት፤ በየቀኑ ጥቂት ይጨምሩ። ሁልጊዜ የሚያፏጭ ከሆነ የጆሮው ሞልድ (ጆሮው ውስጥ የሚገባው ክፍል) ጠብቦት ይሆናል። ጠበል ከመጠመቁ በፊት ይውለቅ። የባትሪው ክፍል የሚቆለፍ ይሁን፤ የተዋጠ የቁልፍ ቅርጽ ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ያስፈልጋል።

6. በጣም ተረብሾ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው

ያን ጊዜ ረጅም ምልክት አይገባውም። መብራቱን ይቀንሱ፣ ሰው ያርቁ፣ «በቃ» የሚለውን ብቻ ያሳዩ። ድንገት ጆሮውን ወይም ጭንቅላቱን መምታት ከጀመረ ግን ጠባይ ነው ብለው አይለፉት፤ ጆሮው አመርቅዞ፣ ጥርሱ ታሞ ወይም ሆዱ ደርቆ ሊሆን ይችላልና በመጀመሪያ ሐኪም ይየው።