ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት የሚያፈሰውን ፈልጉ

የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ሁላችንም ጋራዥ ሄደን «ጋዝ ሙላልኝ» ነው የምንለው። እኔም በአንድ ዓመት ሦስቴ አስሞላሁ፤ በመጨረሻ ችግሩ አንዲት ያረጀች ኦሪንግ (የቱቦ መገጣጠሚያ ጎማ ቀለበት) ሆና ተገኘች። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ቶሎ ቶሎ ከጎደለ እያፈሰሰ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ። ነፋሱ ራሱ ከደከመ የውስጡን ፊልተር ቀይሩ። ብዙ ቪትዝና ኮሮላ ላይ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው። መሳቢያውን ባዶ አድርጉ፣ ግራና ቀኙን ጫን ብላችሁ አውርዱት፣ ፊልተሩን ሳቡ። የፒያሳ የግንባታ አቧራ ምን እንዳደረገው ያኔ ታያላችሁ። የአዲሱ ቀስት እንደ አሮጌው ይዙር። በቃ፣ መካኒክ አያስፈልግም።

ነፋሱ ደህና ሆኖ ካልቀዘቀዘ ኮፈኑን ክፈቱ። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚያበርደው) በጭቃ ከተደፈነ ሞተሩ ሲበርድ ቀስ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን ያጣምማል። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን ተመልከቱ። ጋዙ ሲያፈስ የኮምፕረሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል) ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ ዘይት የጠጣ አቧራ የተለጠፈበትን ቦታ ጠርጥሩ።

ኮምፕረሰሩ ከሞተና ሶማሌ ተራ ያገለገለ ልትገዙ ከሄዱ፣ የቱቦ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው የተቀመጡትን ምረጡ፤ ክፍት የቆየ እርጥበት ይገባዋል። መሃሉን በእጅ አዙሩት፣ ከያዘ ወይም ዘይቱ ጠቁሮ ብረት ካለበት ተዉት። ሲገጠም እርጥበት የሚመጠው ድራየርና ኦሪንጎቹም አብረው ይቀየሩ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቫኪዩም፤ ማለትም በውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት ስቦ ማውጣት። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ሲስተሙ ቢያንስ 30 ደቂቃ በፓምፕ ይሳብ፣ ከዚያ ተዘግቶ ሩብ ሰዓት ይቆይ። የጌጁ ቀስት ከተመለሰ ያፈሳል፣ ጋዝ አታስሞሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ መመሪያዎች ጌጁ 29 ኢንች (የሜርኩሪ) ይድረስ ይላሉ፤ ያ ለባሕር ጠለል ነው። እኛ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ሙሉ ቫኪዩም እዚህ 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል። ፓምፑ ተበላሽቷል ብላችሁ ሰው አታስቸግሩ።

የጋዙ ዓይነትና መጠን በግራም ኮፈኑ ሥር ተለጥፏል፤ ብዙዎቹ አር134ኤ ናቸው። በሚዛን ይሞላ፣ በግምት አይሁን፤ ሲበዛም አያቀዘቅዝም። ራሳችሁ ከነካችሁት መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል።

ክረምት ላይም በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ አብሩት። የኮምፕረሰሩ ጎማዎች ዘይት ያገኛሉ፣ የመስታወቱ ጉምም ይጠፋል።