አሜሪካ ለትምህርት የምትሄዱ የድሬ ልጆች፣ በመሳሪያ ጉዳይ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ባለፈው አንድ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ከድሬ ከወጣ ገና ሶስት ወሩ ነው። ቴክሳስ ያለው የአጎቱ ልጅ ጋ ቅዳሜና እሁድን ሊያሳልፍ ሄዶ፣ ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ አድርጎ፣ ሽጉጥ በሁለት እጁ ጨብጦ ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው ላይ ያነጣጥራል። ከስሩ «አሜሪካ ገባን አቦ» ብሎ ፅፏል። እዛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር ግን ደውዬ ቀሰቀስኩት፣ ሁለተኛ እንዳይነካ ቃል አስገባሁት፣ ሲነጋ ደግሞ ጠበቃ እንዲያናግር ነገርኩት። እንዲህ አይነት ፎቶ ሲደርሰኝ አራተኛዬ ነው፣ ለዛ ነው ይሄን ለመፃፍ የተቀመጥኩት።

እኔ ሳቢያን ላይ ልጆች ለውጭ ዩኒቨርሲቲ አፕላይ ሲያደርጉ አግዛለሁ። ስለ ባንክ ደብዳቤ፣ ስለ ቪዛ ቀጠሮ፣ ስለ ብርዱ ጃኬት ሁሉ ይጠይቁኛል፣ ስለ መሳሪያ ህግ ግን አንድም ልጅ ሳይሄድ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ከታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ትልቁና የሚያናድደኝ ስህተት «አሜሪካ ሽጉጥ መያዝ ይፈቀዳል» የሚለውን ሰምቶ ለራስም መውሰድ ነው። ለማን ነው የሚፈቀደው? የተማሪ ቪዛ ይዘህ የገባህ ሰው፣ ኤፍ 1 ሁን ጄ 1፣ በአሜሪካ ህግ ኢሚግራንት፣ ማለትም ለመኖር የገባ ሰው፣ አይደለህም። ኢሚግራንት ባልሆነ ቪዛ የገባ ሰው ደግሞ በፌደራል ህጉ ሽጉጥም ጠመንጃም ጥይትም መያዝ ተከልክሏል። መግዛት ብቻ እንዳይመስልህ፣ መያዝ ነው ያልኩት። ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ገብተህ ለግማሽ ሰዓት የተከራየኸው ሽጉጥ እጅህ ላይ ካለ ይዘሃል፣ የጥይት ካርቶን ብቻውን ቦርሳህ ውስጥ ቢገኝም ይዘሃል። ቴክሳስ ሆነህ ሚኒሶታ ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም ይሄ የስቴት ህግ አይደለም፣ የፌደራል ነው። ቅጣቱ ድሮ እስከ 10 ዓመት ነበር፣ በ2022 የወጣው ህግ እስከ 15 ዓመት አደረሰው። እስሩ ሲያልቅ ደግሞ ዲፖርት አለ። ስኮላርሺፑ፣ አባትህ ሚኒባሱን ሸጦ የከፈለው የመጀመሪያ ሴሚስተር፣ ሁሉም እዛው ይቀራል። ሽጉጡን የሰጠህ የአጎትህ ልጅም ነፃ አይወጣም፣ የተከለከለ ሰው መሆንህን እያወቀ ከሰጠህ እሱም በዛው ህግ ይጠየቃል።

ይሄን ስነግራቸው «አላወቅኩም ነበር ካልኩስ?» የሚሉኝ አሉ። እንደውም አንዱ በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን የሬሃይፍ መዝገብ ሰምቶ እሱን ጠቀሰልኝ። መዝገቡ ስለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰውዬው እንደናንተው በተማሪ ቪዛ የገባ ልጅ ነው። ከኤምሬትስ ፍሎሪዳ ሄደ፣ ውጤቱ ወርዶ ትምህርት ቤቱ አሰናበተው፣ በዛው የተማሪነት ስታተሱ ሞተ፣ እሱ ግን እዛው ቆይቶ ሬንጅ ገብቶ ተኮሰ፣ ተያዘ፣ 18 ወር ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለው ዐቃቤ ህግ ልጁ መሳሪያ መያዙን ማወቁን ብቻ ሳይሆን፣ በሀገሪቱ ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው መሆኑንም ማወቁን ማስረዳት አለበት ነው። ህጉን አለማወቅ ያድናል አላለም። አንተ ፓስፖርትህ ላይ ኤፍ 1 የሚል ቪዛ ተለጥፎ፣ ራስህ ፈርመህ፣ የተማሪ ቪዛ እንዳለኝ አላውቅም ልትል ነው? በዛ ላይ ፍርድ ቤቱ እስኪወስንለት ድረስ ልጁ የደረሰበትን አስቡት።

ህጉ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፣ ለምሳሌ በህጋዊ መንገድ የወጣ የአደን ፈቃድ ያለው ሰው። ይሄን የሰማ ልጅ ሁሉ ወዲያው «ኦንላይን ላውጣዋ» ይላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ እዛ ውስጥ አትግቡ፣ የአደን ፈቃድ ደግሞ ካምፓስ ውስጥ ሽጉጥ ማስገቢያ አይደለም።

ሁለተኛው ከዚሁ የሚወለድ ነው፣ ምክር ከዲቪ ሰው መቀበል። ድሬና ሐረር ውስጥ ዲቪ የደረሰው ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው ግሪን ካርድ አለው፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ ክልከላ ከሌለበት በስቴቱ ህግ መሰረት መሳሪያ መያዝ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ገዝቼ የለ እንዴ፣ ምንም አይሉህም» ሲልህ እየዋሸህ አይደለም፣ የራሱን እውነት ነው የሚነግርህ። ያንተ ወረቀት ሌላ ነው። ተመርቀህ ኦፒቲ ላይ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ለተማሪ በሚሰጠው የስራ ፈቃድ ላይ ሆነህ ስትሰራም ያው ኤፍ 1 ነህ።

ሶስተኛው ፍተሻ ስለለመድን ያልተፈተሸ ነገር ሁሉ የተፈቀደ መምሰሉ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሐረማያ ስትገባ በር ላይ መታወቂያ ታሳያለህ፣ ቦርሳህ ይከፈታል፣ ትዳሰሳለህ፣ ምላጭ ሳይቀር ይጠየቃል። ስለዚህ ጭንቅላታችን ውስጥ ህጉ ያለው በሩ ላይ ነው፣ ጥበቃው ካሳለፈህ ተፈቅዷል ማለት ነው። እዛ ብዙው ካምፓስ አጥር የለውም፣ በር የለውም፣ አውቶብስ መሀሉን ያቋርጠዋል። ማንም አይነካህም። አንዲት የሐረር ልጅ ከደረሰች በኋላ ስትደውልልኝ መጀመሪያ ያለችኝ «ማንም አልፈተሸኝም እኮ» ነው፣ በጣም ገርሟት። ህጉ ግን አለ፣ ፅሁፍ ላይ ነው ያለው፣ እናንተ ካላነበባችሁት የሚነግራችሁ ጥበቃ የለም። የካምፓሱ ፖሊስ ደግሞ ብዙ ቦታ የማሰር ስልጣን ያለው፣ ሽጉጥ የታጠቀ እውነተኛ ፖሊስ ነው፣ እንደኛ ሀገር የግቢ ጥበቃ አትዩት።

አራተኛው አንዱ ስቴት የሰሙትን ሌላው ጋ መውሰድ። ይሄንን ረዘም አድርጌ ልበለው ምክንያቱም እናንተ መሳሪያ ባትይዙም አጠገባችሁ የሚቀመጠው ተማሪ ሊይዝ ይችላል፣ ይሄን ሳያውቁ ሄደው የደነገጡ አሉ። ቴክሳስ ላይ ከ2016 ነሐሴ ጀምሮ ላይሰንስ፣ ማለትም የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ፣ ያለው ሰው ሽጉጡን ደብቆ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ህንፃ ውስጥ መግባት ይችላል፣ ኮሚኒቲ ኮሌጆቹ በ2017 ተከተሉ። በ2021 ስቴቱ ያለ ላይሰንስም ሽጉጥ መያዝን ፈቀደ፣ ካምፓስ ላይ ግን የላይሰንሱ ነገር እንዳለ ነው። ዶርም ውስጥ እንዴት ይቀመጥ የሚለውን ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ደንብ ያወጣል። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ መከልከል ይችላል። ጆርጂያ ከ2017 ሐምሌ ጀምሮ ፈቅዳለች ግን ዶርም፣ ስታዲየምና የመምህራን ቢሮ አይገባም። ካሊፎርኒያ ጭራሽ ሌላ ዓለም ናት፣ ከ2016 ወዲህ ላይሰንስ ያለው ተራ ሰው እንኳን ካምፓስ ይዞ መግባት አይችልም። ሚኒሶታ ኮሌጁ በተማሪዎቹና በሰራተኞቹ ላይ እገዳ እንዲያወጣ ህጉ ይፈቅድለታል፣ መኪና ማቆሚያው ግን ከዚህ ውጪ ነው። ከሁሉም ትምህርት የምትሆነው ኮሎራዶ ናት። በ2012 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ላይሰንስ ያለውን ሰው መከልከል አይችልም ብሎ ወሰነ፣ ከዛ በ2024 ሐምሌ ስራ ላይ የዋለ አዲስ ህግ መጥቶ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ላይ ተከለከለ። በ2015 ዴንቨር የተማረ የሰፈራችሁ ልጅ የሚነግራችሁ ነገር ያኔ ልክ ነበር፣ ዛሬ ልክ አይደለም። በተቃራኒው ዌስት ቨርጂኒያ በዚያው 2024 ሐምሌ ለባለፈቃድ ከፈተች። እና ስትጠይቁ «የት ስቴት፣ መቼ» ብላችሁ ጠይቁ።

ሩምሜታችሁ ሽጉጥ እንዳለው ካወቃችሁ አትንኩት፣ «እስቲ ልየው» አትበሉ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አትፍቀዱ። የዶርሙን ኃላፊ አናግሩና ክፍል ቀይሩ። የጓደኛችሁ መኪና ውስጥ ዳሽቦርዱ ስር ካለም እንደዛው፣ መኪናውን ተውሳችሁ አትንዱ።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ ካሊፎርኒያ ደረሰው። ለመምህሩ ምን ስጦታ ልውሰድ አለኝ፣ እኔ ነኝ ጊሌ፣ የአፋሮቹን ጩቤ፣ ውሰድ ያልኩት። አብረን ቀፊራ ሄደን መረጥን፣ ሰገባው ቀይ ቆዳ፣ እጀታው ላይ ናስ ያለው፣ ቆልመም ያለ፣ ሁለት ወገኑ ስለት። የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ስለነበረ በአየር መንገዱ በኩል ችግር አልገጠመውም። መምህሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ግን ልጁ ለጊዜው ዶርሙ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ ቤቱን ቤቱን እንዲሸተው ብሎ። የፎቁ ተቆጣጣሪ አየ፣ ፖሊስ መጣ። ካሊፎርኒያ ላይ በመንግስት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጩቤ መያዝ ወንጀል ነው፣ ስለቱ የማይታጠፍና ከ2.5 ኢንች ማለትም ከስድስት ሴንቲሜትር ትንሽ በላይ የሚረዝም ቢላም እንደዚያው። ለምግብ መስሪያ ማደሪያ ውስጥ ያለ የኩሽና ቢላ ሌላ ነው፣ ጊሌ ግን ሽንኩርት መክተፊያ ነው ብሎ ማንም አይከራከርም። ፍርድ ቤት አልሄደም፣ ጊሌው ተወሰደ፣ ልጁ በዩኒቨርሲቲው ዲሲፕሊን ቀረበ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በማስጠንቀቂያ ስር ተማረ። እናቱ ቤቴ ድረስ መጥታ «ልጄን ስለት አስይዘህ ሰደድከው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያኔ መሳሪያ ሲባል ሽጉጥ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቴክሳስም ከ5.5 ኢንች በላይ የሆነ ስለት ኮሌጅ ህንፃ ውስጥ አታስገባም። አሁን ስጦታ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የሐረር ሙዳይ ወይም ቡና ነው የምለው።

አየር የሚተኩስ ሽጉጥ፣ የፕላስቲክ መጫወቻ፣ ኤሌክትሪክ መንዘሪያ፣ ሚጥሚጣ ስፕሬይ፣ እነዚህንም እያንዳንዱ ካምፓስ በየራሱ ደንብ ነው የሚያያቸው። ደንቡን ሳታነቡ አትግዙ።

ቀልድ። ድሬ ላይ ጓደኛህን «እገድልሃለሁ» ስትለው እየሳቅክ ነው፣ እሱም ይስቃል፣ ለምሳ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ያንኑ በእንግሊዝኛ ተርጉመህ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ስትፅፈው ፖሊስ በርህን ያንኳኳል። እ.ኤ.አ. 2007 ቨርጂኒያ ቴክ ላይ 32 ሰው ተገድሏል፣ እዛ ያለ መምህርና ተማሪ ይሄን አይረሳም፣ ያቺን ሜሴጅ ሲያነብ አንተን አያውቅህም። እባካችሁ ስለ መግደል፣ ስለ ቦምብ፣ ስለ ሽጉጥ ምንም አትቀልዱ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢሆን።

ገና ላልሄዳችሁት ደግሞ የሰርግ ፎቶ። ገጠር ሰርግ ሄዳችሁ የአጎታችሁን ክላሽ ትከሻ ላይ አድርጋችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ፌስቡክ ላይ ያለ ስንት ናችሁ? ከ2025 ሰኔ ጀምሮ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው የሶሻል ሚዲያ አካውንቱን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርግ ታዟል፣ ቆንስሉ ያያል። ቪዛ ፎርሙ ራሱ፣ ዲኤስ 160፣ የመሳሪያ ስልጠና አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን መልሱ። ያለውን የለም ብሎ መዋሸት ከክላሹ የባሰ ጣጣ አለው። ከእንግዲህ ግን ክላሹ በቀረበላችሁ ቁጥር እጃችሁን ሰብስቡ።

ጫትን ሳልጠቅስ ባልፍ ለኛ ሰፈር ልጆች ግማሽ ነው የሚሆነው። አወዳይ ላይ በጠራራ ፀሀይ የሚሸጠው ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከ1993 ጀምሮ ከከባዶቹ እፆች ተርታ ነው። የፌደራሉ የመሳሪያ ህግ ደግሞ ህገወጥ እፅ የሚጠቀም ሰውንም ይከለክላል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው የአጎትህ ልጅ ራሱ ከሰዓት በርጫ ላይ እየተቀመጠ ቁም ሳጥን ውስጥ ሽጉጥ ካለው፣ ለሱም አደጋ ነው። ደረቅ ጫት ልካችሁ የምታስደስቱት እንዳይመስላችሁ።

የመጨረሻው ስህተት አለመጠየቅ ነው። የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ አለ፣ እዛ ውስጥ የናንተን ወረቀት የሚይዝ ሰው አለ፣ ኢሜይሉ አክሰፕታንስ ከመጣላችሁ ጊዜ ጀምሮ እጃችሁ ላይ ነው። ዘንድሮ አንዲት የገንደ ቆሬ ልጅ ገና ትኬት ሳትቆርጥ ፃፈችላቸው፣ «ካምፓሱ ላይ የተከለከሉ መሳሪያዎች ዝርዝር ላኩልኝ፣ ለኤፍ 1 ተማሪ የተለየ ነገር ካለም ንገሩኝ» ብላ፣ ሶስት መስመር። በሁለተኛው ቀን ደንቡን ከነሊንኩ ላኩላት። አትማ አመጣችው፣ ሻንጣዋን ስንዘጋ አንድ በአንድ እያነበብን ነበር፣ አያቷ ለእንጀራ ራት ብላ የጨመረችላትን ትልቁን የስጋ ቢላ ያወጣነውም ያኔ ነው።