ኮምቦልቻ ለሚያድር ተሳቢ፦ የጋቢና ባትሪ አገጣጠም

ከሚሌ ተነስቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ገብቶ የሚያድር ሾፌር ሌሊቱን የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ማራገቢያ፣ መብራት፣ ስልክ መሙያ፣ ቢበዛ ትንሽ ፍሪጅ። ለዚህ ብሎ ሞተሩን በሚኒሞ ማሳደር ብክነት ነው። ከባድ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ናፍጣ ይበላል። ሞተሩን አጥፍቶ በማስነሻው ባትሪ መጠቀምም አያዋጣም፤ በተለይ በደሴ ብርድ ጠዋት ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ጠቅ ብሎ ይቀራል። ጋቢናው የራሱ ባትሪ ይኑረው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። 15 ዋት ማራገቢያ ለ10 ሰዓት 150 ዋት-ሰዓት፣ መብራት 40፣ ሁለት ስልክ 35፣ እየበራ እየጠፋ የሚሠራ 45 ዋት ፍሪጅ 225፤ ድምሩ 450። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። ሁለት ባለ 12 ቮልት 75 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች በተከታታይ ሲታሰሩ በ24 ቮልት 1,800 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ፤ ግማሹ ሁለት ሌሊት ያሳድራል። ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ ደጋግሞ መራገፍን የሚችለውን ባትሪ ይግዙ። የማስነሻ ባትሪ በውስጡ ያለው የእርሳስ ሳህን ስስ ስለሆነ በየሌሊቱ መራገፍን አይችልም።

ሥራው የሚጀመረው የዋናውን ባትሪ ኔጋቲቭ በመፍታት ነው። የአዲሶቹን ባትሪዎች ሣጥን ከጭስ ማውጫው አርቀው ሻንሲው ላይ ይግጠሙት፤ ከሥሩ ጎማ ያንጥፉ፣ ባትሪዎቹን አጥብቀው ይያዙ፤ ንዝረት ሳህን ይሰብራል። በዋናውና በአዲሱ ባትሪ ፖዘቲቮች መካከል 26.6 ቮልት ላይ የሚያገናኝ፣ 25.6 ላይ የሚለያይ ባለ 24 ቮልት ሪሌ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይግባ። ገመዱ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን። በገመዱ ሁለት ጫፎች፣ ከዋናውም ከአዲሱም ባትሪ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 100 አምፔር ፊውዝ ያድርጉ፤ አንድ ፊውዝ ብቻ አይበቃም፣ ገመዱ ተልጦ ሻንሲ ቢነካ እሳቱ ከሁለቱም ባትሪ ይመጣልና። ኔጋቲቩ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቀው ብረቱን ያውጡ። ወደ ጋቢና ለሚገባው ለየመስመሩ 2.5 ካሬ ገመድና 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል።

በብዛት የምናየው ስህተት ይኸኛው ነው፦ ቴፕ ወይም ቻርጀር 12 ቮልት ስለሚፈልግ በተከታታይ ከታሰሩት ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መሳብ። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላ ሌላው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ውሃው ይተናል። በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ፣ ጥፋቱም በባትሪው ጥራት ይሳበባል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ያስገቡ።

ሲጨርሱ ሞተሩን አስነስተው ይለኩ፤ አዲሱ ባትሪ ላይ ከ27 እስከ 28.5 ቮልት መታየት አለበት። ጠፍቶና አርፎ 25.4 ካሳየ ሙሉ ነው፤ 24.4 ከደረሰ ግማሽ ነው፣ መጠቀም ይቁም። የሊቲየም ባትሪ ከመረጡ በሪሌ አያገናኙት፤ ብዙ አምፔር ስቦ ዲናሞውን ያቃጥላል። የራሱ የዲሲ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

ጭነት እየጠበቀ ቀናት ለሚቆም መኪና ሁለት ባለ 100 ዋት የፀሐይ ፓነል በተከታታይ አስሮ ጋቢናው ላይ መግጠም በበጋ ፍጆታውን ይሸፍናል። ሐምሌና ነሐሴ ግን በደመናው አይተማመኑበት።

በሜታኖል የሚሠራ ፊውል ሴልም (ነዳጁን ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ይኸንኑ ባትሪ ድምፅ ሳያሰማ ይሞላል፤ ባትሪውን ግን አይተካም። ለ1 ኪሎዋት-ሰዓት 0.9 ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ ለአንድ ሌሊት 0.4 ሊትር ይበቃዋል። ነዳጁ እጅግ የተጣራ መሆን አለበት፤ ተራ አልኮል ካታሊስቱን፣ ማለትም በውስጡ ነዳጁን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር የሚረዳውን ክፍል ያበላሻል። ሜታኖል ዓይን የሚያሳውር፣ የሚገድልም መርዝ ነው፤ በውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። የመሣሪያው ትንፋሽም ከጋቢና ውጭ ይውጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከመግዛትዎ በፊት አምራቹ የፈቀደውን የከፍታ ወሰን ያንብቡ። የታሸገ ነዳጅ በመስመርዎ ላይ ሳይቋረጥ የሚያቀርብልዎ ከሌለ ግን ገንዘቡን ለፓነሉ ያውሉት።