ስለ ቤተሰብ ተግባር ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ቡና እየጠጣሁ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎችን ወረቀት ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ። ብዙዎቹ ይዘው የሚመጡት ፈንክሽናሊዝም (እያንዳንዱን ተቋም ለማኅበረሰቡ በሚሠራው ሥራ የሚያየው ንድፈ ሐሳብ) ስለ ቤተሰብ ምን ይላል የሚለውን ጥያቄ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ነጥብ የሚያሳጧቸው ስህተቶች ግን ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው «ቤተሰብ የማኅበረሰብ መሠረት ነው» ብሎ ማቆም ነው። ሐሳቡ እውነት ነው፣ ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 34 ላይ አስቀምጦታል። ግን ጥያቄውን አይመልስም። ፈንክሽናሊስቶች የሚጠይቁት ቤተሰብ ለማኅበረሰቡ ምን ይሠራል፣ ባይኖርስ ምን ይጎድላል ብለው ነው። ስለዚህ ሥራውን አሳዩ። እንግዳ ሲመጣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ ይነሳል። ፎጣው ትከሻው ላይ ነው። ከትልቁ ሰው ሊጀምር ሲገባው ወደ አጎቱ ሲሄድ እናቱ በዓይኗ ትመልሰዋለች። ማን እንደሚቀድም፣ ለማን ጎንበስ እንደሚባል፣ «አንተ» እና «እርስዎ» የት እንደሚለያዩ የተማረው እዚያች ሳሎን ውስጥ ነው። ይህን ጽፋችሁ ልጅን ለማኅበረሰቡ ሰው ማድረግ ይሄ ነው ብትሉ፣ ንድፈ ሐሳቡ እንደገባችሁ ይታያል።

ሁለተኛው አንትሮፖሎጂስቱን መርዶክንና ሶሲዮሎጂስቱን ፓርሰንስን ማደባለቅ ነው። ጆርጅ ፒተር መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1949 የ250 ማኅበረሰቦችን መረጃ አነጻጽሮ አራት ተግባራትን ቆጠረ። እነሱም የወሲብ ፍላጎትን ሥርዓት ማስያዝ፣ ዘር መተካት፣ ኢኮኖሚና ልጅን ማስተማር ናቸው። ታልኮት ፓርሰንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሚያየው የኢንዱስትሪ ዘመኗን አሜሪካ ነበር። የቀሩት ሁለት ናቸው አለ፦ ልጅን ማሳደግና የአዋቂዎችን ስሜት ማረጋጋት።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ፓርሰንስ ቤተሰብ ተዳክሟል አለ» ብለው ይጽፋሉ። አላለም። ድሮ እህሉ በእጅ ወፍጮ እቤት ይፈጭ ነበር፣ አሁን ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሙያውን ከአባቱ ይማር የነበረ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ይገባል። ፓርሰንስ እንዲህ ያለው ሥራ ወደ ሌሎች ተቋማት ሲሄድ ቤተሰብ በቀሩት ሁለቱ ላይ ይበልጥ ያተኩራል ነው ያለው። ሥራው ጠበበ እንጂ ዋጋው አልቀነሰም።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ባህል በደንብ ያብራራዋል። የአዋቂዎችን ስሜት ማረጋጋት የሚለው ሐሳብ በመማሪያ መጻሕፍት «የሞቀ ውሃ መታጠቢያ» እየተባለ ይጠራል። ሰው በሥራ ዝሎ ሲመጣ ቤቱ እንደ ሙቅ ውሃ ድካሙን ያወጣለታል ለማለት ነው። ተማሪዎች ይህን እንደ ባዕድ ነገር ይሸመድዱታል። እኛ እኮ ከመንገድ የገባን ሰው እግር በለብታ ውሃ የምናጥብ ሰዎች ነን! ምሳሌው እቤታችን አለ፣ ተጠቀሙበት።

ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። የሚታጠበው ማን ነው? የምታጥበውስ? እሷም ከንጋት ጀምሮ እንጨት፣ ውሃ፣ ምጣድ ስትል ውላለች። የሷን ድካም ማን ያወጣላታል? ፌሚኒስት ሶሲዮሎጂስቶች ፓርሰንስን የሚሞግቱት በዚህ ነው። እሱ ገንዘብ ማምጣትን ለባል፣ ፍቅርና እንክብካቤን ለሚስት ሰጥቶ ክፍፍሉን ለማኅበረሰቡ የሚበጅ አድርጎ አየው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሸጣ ቤቷን የምታስተዳድር እናት ግን በዚህ ክፍፍል ውስጥ ቦታ የላትም። ሕጉም ቢሆን ተቀይሯል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። ይህን ሒስ ያልጻፈ ወረቀት ለኔ ግማሽ ወረቀት ነው።

አራተኛው «ገጠር ሰፊ ቤተሰብ፣ ከተማ ደግሞ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ብቻ» ብሎ መደምደም ነው። ፓርሰንስ ለኢንዱስትሪ ማኅበረሰብ የሚስማማው ትንሹ ቤተሰብ ነው ብሏል፣ ሰው ሥራ ወዳለበት በቀላሉ ይሄዳልና። ይህን ወስዶ በኛ ገጠር ላይ መለጠፍ ግን አያስኬድም። «ጎጆ ወጣ» የሚለውን አስቡት። የጎንደር ገበሬ ልጅ አግብቶ የራሱን ጎጆ ሲቀልስ ኖሯል፣ ፋብሪካ አልጠበቀም። ዘመዱ አጠገቡ ነው፣ ለአጨዳ በደቦ ይጠራዋል፣ ምድጃው ግን ለብቻው ነው። እንግሊዝ ውስጥም የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ላስሌት እ.ኤ.አ. ከ1564 እስከ 1821 ያሉ የነዋሪዎች መዝገቦችን ሲያይ ከባል፣ ሚስትና ልጆች ውጪ ዘመድ የነበረባቸው ቤቶች 10 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው አገኘ።

አምስተኛው አጭር ነው። «ቤት ውስጥ ጥቃት ስላለ ፈንክሽናሊዝም ውድቅ ነው» አትበሉ። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት ሜርተን፣ ራሱ ከፈንክሽናሊስቶቹ ወገን ሆኖ፣ አንድ ተቋም ጉዳትም ሊያደርስ እንደሚችል ጽፏል። እሱን ጥቀሱና ተከራከሩ።

የመጨረሻውን ያየሁት በቅርቡ ነው። አንዲት ተማሪ ጥግ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «እኔ ቤተሰብ የለኝም፣ አያቴ ናት ያሳደገችኝ» ብላ ጽፋለች። በመርዶክ ትርጉም ከሄድን ልክ ናት፣ እሱ አብረው የሚኖሩ ወንድና ሴት አዋቂዎችን ይጠይቃል። «ማን አበላሽ?» አልኳት። «አያቴ።» «ማን ቆንጥጦ ሥርዓት አስያዘሽ?» «አያቴ።» «ስታለቅሺስ?» ዝም አለች። ከዚያ ስለ ሕንዶቹ ናያሮች ነገርኳት። ድሮ እነሱ ዘንድ ባል ከሚስቱ ጋር አይኖርም ነበር፣ ልጅ የሚያድገው በእናቱ ወገን ቤት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ካትሊን ጎፍ እ.ኤ.አ. በ1959 ስለነሱ የጻፈችው የመርዶክን ትርጉም አናግቶታል። የኛም «ቤተሰብ» የሚለው ቃል «የቤት ሰው» ነው የሚለው፣ ማን ማን እንደሆነ አይቆጥርም። «ያቺን ዓረፍተ ነገር ከጥግ አንሥተሽ ሒሱ መሐል አስገቢያት» አልኳት።