አረንጓዴ ሻጋታ የእንጉዳይ ኮምፖስትን እንዳይወርስ እንዴት መከላከል ይቻላል?

ኮምፖስቱ ላይ አረንጓዴ ሲታይ ሁሉም ይደነግጣል። ሻጋታው ግን ያኔ ከገባ ሰንብቷል። ይህ ሻጋታ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ትራይኮደርማ፣ ሲጀምር ነጭ ነው፤ ኮምፖስቱ ውስጥ ከሚሰራጨው ነጭ የእንጉዳዩ ክር ጋር በቀላሉ ይምታታል። አረንጓዴ የሚሆነው የሚራባበትን ብናኝ ለመበተን ሲደርስ ነው። ኃይለኛው ዝርያ፣ ትራይኮደርማ አግሬሲቩም፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ከታየ ወዲህ ብዙ አብቃዮችን አክስሯል።

መጀመሪያ ኮምፖስቱን በእንፋሎት በደንብ አሙቁ። ከ57 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆይ። የክፍሉን አየር ብቻ ለክታችሁ አትመኑ። ቴርሞሜትሩን ኮምፖስቱ ውስጥ፣ መሃሉም ጥጉም ላይ ክተቱት። ከዚያ ወደ 45 እና 48 ዲግሪ መካከል አውርዱትና አሞኒያው እስኪጠፋ ጠብቁ። አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው ገና አልደረሰም። ሲደርስ ወደ 25 ዲግሪ አቀዝቅዙት።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘር ቀን ነው። በእኔ እምነት ትግሉ የሚለይለት እዚህ ነው። የእንጉዳይ ዘር የሚያዘው በእህል ላይ ነው፤ እህሉ ደግሞ ለሻጋታውም ምግብ ነው። የእንጉዳዩ ክር ኮምፖስቱን አንዴ ከሞላ በኋላ ሻጋታው ቦታ ያጣል። እስከዚያ ግን ቀድሞ የደረሰ ይበላል። ስለዚህ ማሽኑን፣ አካፋውንና ወለሉን መጀመሪያ እጠቡ፣ ቀጥሎ በፀረ ጀርም መድኃኒት አጽዱ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት እምብዛም አይሠራም። ያረጀ ሰብል ያለበት ክፍል የዋለ ሠራተኛ በዚያው ልብሱ ዘር አይዝራ። የቀኑ ሥራ ሁሌም ከአዲሱ ክፍል ተጀምሮ ወደ አሮጌው ይሂድ። የሚገባው አየር ይጣራ፤ በር ክፍት አይደር። ዝንቦችና ማይት የሚባሉ ጥቃቅን ቀያይ ተባዮችም ብናኙን ተሸክመው ይዞራሉ።

ነጥብ ካያችሁስ? በእጅ አትንኩት፣ አትቆፍሩት። ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት፣ ማራገቢያውን አጥፍታችሁ፣ በእርጥብ ወረቀት በቀስታ ሸፍኑት፤ ከላዩ ከጠርዙ አልፎ እስኪሄድ ጨው በብዛት አልብሱት። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ፣ ጓንቱንም ጣሉ።

ክፍሉን ከወረረው ግን በጨው አይመለስም። ኮምፖስቱን ከማውጣታችሁ በፊት ክፍሉን እንደተዘጋ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ከ8 እስከ 12 ሰዓት አሙቁት። ሳይሞቅ የወጣ ኮምፖስት በየመንገዱ ብናኝ እየዘራ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይመለሳል።